ለአማርኛቸው የተያዘ ቦታ

ትናንት መኪናዬን አሳጠብኩና መስታወቱ ላይ አዲስ የጥድ ቅርጽ ያለው ሽቶ አንጠለጠልኩ። ሽታው አፍንጫዬን ሲመታው እጄ መሪው ላይ ቀረ። ድሮ ሻይ አቀርብላቸው የነበሩት የታክሲ ሹፌሮች ጃኬት ሽታ ነበር። ወዲያው ሃቫና ስትሪት ላይ የነበረው የአጎቴ ሱቅ፣ የበሩ ቃጭልና ከኋላ በኩል የነበሩት ፕላስቲክ ወንበሮች መጡብኝ።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከአዲስ አበባ ወደዚህ ሰው አገር ስመጣ የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው፤ ዓይናፋርነቴ ግን ሙሉ ነበር። አጎቴ ቅመም፣ ቴምርና የስልክ ካርድ ይሸጣል፤ እኔ ሻይ አፈላለሁ፣ ሳምቡሳ እጠብሳለሁ። ሹፌሮቹ ኤርፖርት ሄደው ከመሰለፋቸው በፊት ከሰዓት በኋላ ይመጣሉ። አንዱ ሌላውን ሲተርብ ሱቁ በሳቅ ይናወጣል።

በመጀመሪያው ቀን ሻይ ይዤ ስቀርብ ግማሹ ሳህኑ ላይ ፈሰሰ። አንድ ረጅም ሹፌር አንገቱን ዘንበል አድርጎ አየና፣ "ወላሂ ይቺ ልጅ አዛኝ ናት! እኛን ትታ የተጠማውን ሳህን ነው የምታጠጣው" አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔ ከምስሩ ጆንያ ኋላ ሄጄ አለቀስኩ። አጎቴ ሰምቶኝ ኖሮ፣ "ሁለተኛ በእህቴ ልጅ ላይ እንዳታላግጡ!" ብሎ ተቆጣቸው።

ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካኝም። "እባክሽ እህቴ"፣ "አመሰግናለሁ እህቴ" ብቻ ሆነ። ሻይ ይዤ ስደርስ ሳቁ ቀጥ ይላል፤ ስመለስ ከጀርባዬ እንደገና ይጀምራል። መጀመሪያ እንደ ክብር ቆጠርኩት። ግን ቀኑን ሙሉ የማያቸው ሰዎች እነሱ ብቻ ነበሩ፤ ክረምቱ እየገፋ ሲሄድ ከበረዶው ይልቅ ጨዋነታቸው ይበርደኝ ጀመር።

ከመሃላቸው አንድ ኤርትራዊ ሽማግሌ ነበሩ። አማርኛቸው እንደተተኮሰ ሸሚዝ ነው፤ አንድም ቦታ አይጨማደድም። "ትግርኛን እናቴ በጡት፣ አማርኛን መምህሬ በአለንጋ ነው ያስተማሩኝ፤ የቱን እረሳለሁ?" ይሉ ነበር። አንድ ቀን በረዶው ሌሎቹን አስቀርቶ እሳቸው ብቻቸውን መጡ። ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ነጭ ነበር፤ ሱቁ ጸጥ ብሏል። እንዴት እንደደፈርኩ አላውቅም፣

"ጋሼ፣ ያን ቀን ለምንድን ነው ያፌዙብኝ?" አልኳቸው።

"አላፌዙብሽም" አሉ፣ ብርጭቋቸውን በጣታቸው እያዞሩ። "ፌዝ ሰውን ከገበታ ማስነሻ ነው። ሽሙጥ ደግሞ እየሳቁ መውጋት ነው። ተረብ ግን ነይ ተቀመጪ ማለት ነው። ኳስ ወረወሩልሽ፤ አንቺ አቅፈሽው አለቀስሽ።"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"መልሺዋ!"

"ለማን?"

"ለትልቁ። ለእኔ።"

"እርስዎን? ነውር አይደለም እንዴ?"

"'እርስዎ' እያልሽ ነዋ። አክብሮቱን ሳትነኪ ሰውየውን መንካት፤ ለዛ የሚባለው እሱ ነው።"

ሳምንቱን ሙሉ ብርጭቆ ሳጥብ አንድ ዓረፍተ ነገር በአፌ ሳገላብጥ ሰነበትኩ። ሽማግሌው ታክሲያቸውን ሁልጊዜ መስመሩ ላይ ነው የሚያቆሙት፤ ለሁለት መኪና የተሰመረውን ቦታ ብቻቸውን ይይዛሉ። ሁሉም ያያል፣ ማንም ትንፍሽ አይልም። በሚቀጥለው ዓርብ ቃጭሉ ጮኸና በረዶውን ከጫማቸው እያራገፉ ገቡ።

"ፓርክ አድርጌ እስክገባ ቆየሁባችሁ" አሉ።

ሻዩን ፊታቸው አስቀመጥኩ።

"ጋሼ፣ አንዱን ቦታ ለመኪናው እንደያዙት ገብቶኛል። ሁለተኛው ለአማርኛዎ ነው?"

አጎቴ ካርቶን እንደታቀፈ ዞር ብሎ አየኝ። ከዚያ ረጅሙ ሹፌር ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ ይንፈቀፈቅ ጀመር። ሽማግሌው ፊታቸውን ኮስተር እንዳደረጉ፣ "አዎ። አማርኛዬ በአንድ ቦታ አይበቃውም" አሉና ባዶውን ወንበር በእግራቸው ወደ እኔ ገፉት። ተቀመጥኩ።

"ሳህኑስ ጠጥቶ ረካ?" አለኝ ረጅሙ፣ ዓይኑን እየጠረገ።

"እሱስ ረክቷል። ያልረካኸው አንተ ነህ፤ ይሄ አራተኛ ሻይህ ነው" አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት! የራሴን ሳቅ ከሳቃቸው መሃል ሰማሁት።

ዓመታት አለፉ፤ ሱቁ ተሸጠ፤ እኔም ግሪን ቫሊ ራንች የሚባል ሰፈር ገባሁ። አንድ ቀን ሽማግሌው እንግልውድ ሆስፒታል ተኝተዋል ሲሉኝ ነድቼ ሄድኩ። ጠያቂዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው በሹክሹክታ፣ "አይዞዎት"፣ "ይማርዎት" ይላሉ። እሳቸው አልጋው ላይ አግድም ተኝተው ጣሪያውን ያያሉ። ያንን ጸጥታ አወቅኩት። ሻይ ይዤ ስደርስ ይወርድ የነበረው ነው።

ጠጋ ብዬ፣ "ጋሼ፣ አልጋውንም ሁለት ቦታ ይዘውታል?" አልኳቸው።

አንዲት ሴት በድንጋጤ አየችኝ። የሽማግሌው ትከሻ ግን ተንቀጠቀጠ፤ ሳቅ ነበር።

"ለአማርኛዬ ነው" አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ በእጃቸው የአልጋውን ጠርዝ መታ መታ አደረጉ። ተቀመጥኩ። ጠያቂዎቹም አንድ በአንድ ከግድግዳው እየለቀቁ ቀረቡ፤ እስክወጣ ድረስ ክፍሉ እንደ ሱቃችን ሆኖ ነበር። ከዚያ በኋላ በሕይወት አላየኋቸውም።

ትናንት ቤቴ ስደርስ መኪናዬን በሁለቱ መስመሮች መሃል አስተካክዬ አቆምኩ። ከጎኔ ያለው ቦታ ባዶ ነበር። ቆሜ አየሁትና ብቻዬን እየሳቅኩ ገባሁ።