የሀዲጃ ፍየል ድርሻ

ሥርጉት ጎመን በሠራች ቁጥር ከቅጠሉ የለየችውን አገዳ አትጥልም። በሰፌድ አድርጋ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሁለት በር አልፋ ሀዲጃ ግቢ ትገባለች። አገዳውን በእጇ ለሀዲጃ ፍየል አብልታ ባዶ ሰፌዷን ይዛ ትመለሳለች። ለሰፈሩ አዲስ የሆኑት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነገሩ ያስቃቸዋል። ብሌን የምትባለው ተከራይ አንድ ቀን፣ ፍየሏ የእርስዎ ናት እንዴ ብላ ጠየቀቻት።

"አይደለችም" አለች ሥርጉት፤ "ስሟን አጥፍቼባታለሁ።"

ብሌን ቀልድ መስሏት ሳቀች። ቀልድ ግን አልነበረም።

ሥርጉት የሰላሌ ልጅ ናት። ዲላ የመጣችው ባሏን ጎሹን ተከትላ ነው፤ እሱ ዋናው መንገድ ዳር ሸቀጥ ይነግዳል። ከተማውን ለመደችው፤ ዝናቡንም፣ ቆጮውንም ለመደች። የእጇ ሙያ ግን ጎመን ላይ ነው። ሌላው ሰው ጎመን እኮ ነው ብሎ የሚያልፈውን እሷ እንደ ትልቅ ወጥ ትጨነቅበታለች። ቅጠሉን እያገላበጠች ታጥባለች፤ ከፈላ ውሃ ውስጥ አረንጓዴነቱ ሳይጠፋ ታወጣዋለች፤ ጨምቃ ደቀቅ አድርጋ ትከትፈዋለች። ሽንኩርቱን በዘይት አቁላልታ፣ ነጭ ሽንኩርትና ትንሽ ዝንጅብል ጨምራ፣ ጎመኑን ታክልበታለች። ቃሪያውን የምትጨምረው ድስቱ ከወረደ በኋላ ነው፤ ሽታው እንዳይሞት።

በዚያ ሰፈር ጎመን ትልቅ ቦታ ነበረው። ሥርጉት ኦርቶዶክስ ናት፣ ሀዲጃ ሙስሊም፣ በመካከላቸው የሚኖሩት የፊሊጶስ እናት ፕሮቴስታንት። ሥጋ ሲሆን ሥርጉትና ሀዲጃ በየቤታቸው ነው። ሦስቱ ሴቶች ከአንድ ሳህን እጃቸውን አስገብተው የሚበሉት ጎመን ሲሠራ ነበር። ጎመኑ ደግሞ የሚመጣው ከፊሊጶስ እናት ጓሮ ነው።

የፊሊጶስ እናት የጌዴኦ ተወላጅ ናቸው፤ በራሳቸው ስም የሚጠራቸው የለም፣ በበኩር ልጃቸው ነው። ጓሯቸው እንሰት ነው፣ ከእንሰቱ መሐል ቡና፣ ከበሩ አጠገብ ጎመን። ይህ ጎመን ሰላሌ ውስጥ እንደሚዘራው አይደለም። ዛፍ ነው ቢባል ይቀላል፤ ግንዱ እንደ ከዘራ ጠንክሮ ከሰው ቁመት በላይ ይወጣል። ቅጠሉ ከታች ከታች እየተቀነጠሰ ለዓመታት ይበላል። ጫፉ አይነካም፤ ወደ ላይ የሚያድገው በጫፉ ነውና። ይህን እዚያ ሰፈር ሕፃን ያውቀዋል፤ ሁሉም ስለሚያውቀው ለሥርጉት የነገራት አልነበረም። የፊሊጶስ እናት ቅጠሉን ቀንጥሰው በእጇ ይሰጧታል እንጂ እሷ ስትቀነጥስ ያያት ሰው የለም። በሀገሯ ጎመን ሲደርስ ከነሥሩ ይነቀላል፣ ይታሰራል፣ በዚያው ያበቃል።

አምና በፍልሰታ ጾም የፊሊጶስ እናት ልጃቸው ወልዳ ሊያርሷት ወደ ጨለለቅቱ ሄዱ። የጓሮውን ቁልፍ ለሥርጉት ሰጡ፤ ጎመኑ እንዳያረጅ እያየሽ ብዪ አሏት። በዚያው ሰሞን የጎሹ እህት ውዳሴ ከፍቼ እንግዳ ሆና መጣች። ውዳሴ ገና በስልክ፣ ቆጮ አገር ገብተሽ ሙያሽን ረስተሽ ይሆናል ስትል ተርባታለች። ሥርጉት ይህን ዋጥ አድርጋ ነበር የቆየችው። እንግዳዋ በደረሰች ማግስት በዝናብ ቢላዋን ይዛ ጓሮ ገባች። የታችኛው ቅጠል ሰፊና ሻካራ ሆነባት፣ አንዳንዱንም ትል በስቶታል። የላይኛው ለጋ ነበር። ግንዱን ጎንበስ እያደረገች ጫፍ ጫፉን ከአንገቱ ቆረጠች። አንድም አላስቀረችም።

ማዕዱ አማረ። ውዳሴ ፍቼ ላይ እንኳ እንዲህ ያለ ጎመን አልበላሁም ብላ ለባሏ ደውላ ተናገረች። ሥርጉት ደስታዋ ሞልቶ ከተረፈው በሳህን ለሀዲጃም ላከችላት።

እንግዳዋ ከሄደች በኋላ ለአዘቦት የሚሆን ቅጠል ልታመጣ ወደ ጓሮው ተመለሰች። በሩን ከፍታ ቆመች። ጎመኖቹ ራሳቸውን ያጡ እንጨቶች ሆነዋል፤ የተቆረጠው ቦታ ጠቁሯል፤ የቀሩት ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ተንጠልጥለዋል። ከአጥሩ ማዶ የሌላው ጎረቤት ጎመን ይታያል፣ ጫፉ እንዳለ፣ ከታች ብቻ የተራቆተ። ያን ጊዜ ገባት። ፊቷ ነደደ።

ምን ብዬ ልንገራቸው ስትል ሰንብታ አንድ ከሰዓት ባጃጅ በር ላይ ቆመ፤ የፊሊጶስ እናት ነበሩ። ሻንጣቸውን ሳያወርዱ በአጥሩ አሻግረው አዩና ጎመኑ ምን ነካው አሉ። ሥርጉት እውነቱን ልትናገር ነበር አፏን የከፈተችው።

"የሀዲጃ ፍየል ገብታ ነው" አለች።

የፊሊጶስ እናት ግንዶቹን አዩ፣ እሷን አዩ። "እህ" ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሥርጉት በዚያ በር ማለፍ ከበዳት፤ ወደ ሱቁ የምትሄደው በጀርባው መንገድ ዞራ ሆነ። ለጎሹም ያንኑ የፍየል ወሬ ስለነገረችው፣ እሱ ደግሞ ክፋት ሳያስብ ለሀዲጃ ባል ለነስሩ ሱቅ ውስጥ አጫወተው። ነገሩ በዚህ በኩል ዞሮ ሀዲጃ ጆሮ ደረሰ።

ቅዳሜ ጠዋት የፊሊጶስ እናት ሥርጉትን አስጠሯት። ስትገባ ሀዲጃ ጓሮው ውስጥ ቆማለች፣ በእጇ የፍየል ወተት በጣሳ ይዛለች። ይቅርታ ልትጠይቅ ነው የመጣችው። ፍየሏ ታስራ ነው የምትውለው፣ መቼ እንደተፈታች አላወቅሁም፣ አፈርኩ አለች። የልጅ ልጇን የምታሳድገው በዚያች ፍየል ወተት መሆኑን ሰፈሩ ያውቃል። ሆኖም ነገ ነስሩ ገበያ ይወስዳታል አለች፤ ጎረቤት የምታጣላ ከብት ቤቴ አታድርም።

ሀዲጃ ይቅርታ ስትል አንገቷን ደፍታ ነበር፤ የተደፋው አንገት የሥርጉት መሆን ነበረበት። የፊሊጶስ እናት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው የአንዱን ጎመን ቁራጭ ሊነኩ ሞከሩ፤ አልደረሱበትም። ሀዲጃ እጃቸውን ተከትላ ወደ ላይ አየች። እዚያው ቀረች፣ እያየች።

"ፍየሏ አይደለችም" አለች ሥርጉት። "እኔ ነኝ በቢላ የቆረጥኩት። ጫፉ እንደማይቆረጥ አላውቅም ነበር። እሱንስ ባለማወቅ ነው፣ በፍየሏ ያሳበብኩት ግን…" አልጨረሰችውም።

ሀዲጃ ተረበኛ ናት፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ሰፈሩን በሳቅ ትገለብጠው ነበር። "ፍየሏ መሰላል ነበራት ወይ ልልሽ ነበር" አለች ቀስ ብላ፤ አልሳቀችም። ቀጥላ፣ "ያን ጎመን እኔም በልቼዋለሁ እኮ፤ እጅሽን መርቄ" አለች። ወተቱን ለፊሊጶስ እናት ሰጥታ ወጣች።

ሥርጉት የምትይዘው አጣች። የፊሊጶስ እናት እግር ላይ ልትወድቅ ስትል ክንዷን ያዟት።

"ጎመን ይበቅላል" አሏት። "እኔን ተይኝ። ወደ ሀዲጃ ሂጂ።"

ሄደች፤ ሀዲጃ ግን ደህና ነኝ ከማለት በቀር አላነጋገረቻትም። ፍየሏ ገበያ አልወጣችም፤ እሱ ብቻ ነበር መጽናኛዋ። የጋራው ሳህን ቀረ። መስቀል አለፈ፣ የቡና ለቀማው ደረሰ፤ ሦስቱ ሴቶች እየተያዩ በየቤታቸው በሉ። ሥርጉት ገበያ ላይ ጎመን ስታይ ፊቷን ታዞራለች።

ጎመኖቹ ግን አልሞቱም። ከግንዳቸው ጎን ትንንሽ ቀንበጥ አወጡ። የፊሊጶስ እናት ከመካከላቸው አንዱን ገንጥለው አመጡና በሥርጉት ግቢ፣ ከኩሽናዋ በር አጠገብ ተከሉት። ሥርጉት ውሃ ታጠጣዋለች፣ ቅጠሉን ግን አትነካውም። የታችኛው ቅጠል ሲያረጅ አይተው አንድ ቀን መጡ፤ እጇን በእጃቸው ይዘው ቅጠሉን ወደ ታች ሳብ አድርገው አስቀነጠሷት። እንደ ልጅ እጇን መያዛቸው አሳፈራት፤ እንዲለቋት ግን አልፈለገችም።

ያን ዕለት ከታች የቀነጠሰችውን ሠራች። ጥቂት ነበር፣ ለአንድ ሳህን ብቻ። በአንድ እጇ ሳህኑን፣ በአንድ እጇ አገዳውን ይዛ ሀዲጃ በር ቆመች።

ሀዲጃ ሳህኑን አየችው። "ከታች ነው ከላይ?"

"ከታች።"

"ያስ?" አለች አገዳውን እያሳየች።

"የፍየሏ ነው።"

ሀዲጃ ፍየሏ ወደታሰረችበት ዞራ አየች። "ከፍየሏ ጀምሪ እንግዲህ" አለችና ገለል አለችላት።

አሁን የጋራው ሳህን ተመልሷል። ሀዲጃ አዲስ ተከራይ በመጣ ቁጥር የመሰላሉን ወሬ ራሷ ታወራለች፤ ብሌንም በኋላ የሰማችው ከእሷው ነው። ሁሉም ሲስቅ ሥርጉትም ትስቃለች፣ ግን ሁልጊዜ ከሰው ኋላ፣ ዓይኗን ከሳህኑ ሳታነሳ። ከተበላ በኋላ አገዳውን ሰብስባ ለፍየሏ ልታበላ ትነሳለች፤ ተቀመጪ የሚላት የለም።