አሰብ የተመደበው ባሕር ዛፍ

ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን ጊዜ ለመላው አገር ክረምት ብሎ የሰየመው ሰው አሰብን አይቷት አያውቅም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደሴና አዲስ አበባ ያለ ሰው ጃንጥላውን ይፈልጋል። እኛ ጋ ግን የበሩ እጀታ በጨርቅ ካልሆነ አይያዝም፤ አልጋ ሁሉ ወደ ግቢ ይወጣል፤ ከበረሃው የሚነሳው ነፋስ አሸዋውን እያመጣ ፓስታው ላይ ይነሰንሳል። መሥሪያ ቤቶች በማለዳ ገብተው እኩለ ቀን ላይ ይዘጋሉ፤ ከዚያ በኋላ ከተማው በሙሉ ይተኛል። የማይተኙት ልጆች ብቻ ናቸው።

አቅም ያለው ሰው ልጆቹን ከነእናታቸው ወደ ደጋ ይሰዳል። የቀሩት ልጆች ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ድንጋይ በመወርወር ከሌሊት ፈረቃ የገባውን ሁሉ ይቀሰቅሳሉ። አንድ ከሰዓት አንድ የወደብ ክሬን ኦፕሬተር በሽርጥ ብቻ ሆኖ ሲያባርራቸው ሳያስበው ቀበሌው በር ላይ ደረሰ፤ ከደረሰ አይቀር ብሎ አቤቱታ አቀረበ። ቀበሌውም ልጆቹ በሥራ እንዲጠመዱ ወሰነ። የሚያጠምዳቸው ሰው ሲፈለግ ሥራ የሌለው፣ ብዙ የማይናገር ወጣት ተገኘ። እኔ ማለት ነው።

«መጽሐፍ ታነባለህ አሉ» አለኝ ሊቀመንበሩ።

አልካድኩም። ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ የማውቀውን ሁሉ ብቻዬን ከመጻሕፍት የቃረምኩት ነው።

«እንግዲያው ልጆች መያዝ አይከብድህም።»

የሁለቱን ነገር ዝምድና እስከ ዛሬ እየፈለግኩ ነው።

ሥራው ምን እንደሆነ ከበላይ የመጣ መመሪያ አስቀድሞ ወስኖልናል። ሕፃናት «የዝናቡን ወቅት በመጠቀም» ችግኝ ይተክላሉ። ሊቀመንበሩ ይህን ጮክ ብሎ ሲያነብ ከግንባሩ የሚወርደው ላብ ወረቀቱ ላይ ጠብ ጠብ ይል ነበር። ዝናብ የተባለው ምናልባት እሱ ነው ብዬ አሰብኩ።

ችግኞቹ ከወሎ ደጋ በጭነት መኪና መጡ። ባሕር ዛፍ ናቸው። በረሃውን በሸራ ሥር አቋርጠው ሲወርዱ ቅጠላቸው እንደ ትምባሆ ተጠቅልሎ ነበር። ፍየሎቹን አቁሞ ይመለከት የነበረ አንድ የአፋር ሽማግሌ ወደ እኔ ዞረ።

«ይሄ ዛፍ ምን አጥፍቶ ነው እዚህ የተመደበው?»

ሾፌሮቹ ሳቁ። ከመሀል አገር ተመድበው የመጡት የቀበሌው ጸሐፊ አልሳቁም።

እያንዳንዱ ልጅ አንድ ችግኝ በዱቄት ወተት ጣሳ ተረከበ። ችግሩ ውሃ ነበር። የቧንቧችን ውሃ ጨው ጨው ይላል፤ እንኳን ባሕር ዛፍ ሳሙናም አይወደውም። አሰብ ውስጥ ጨው የሌለው ውሃ በነፃ የሚወርደው ከአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከቢሮዎች የኋላ ግድግዳ፣ ኤርኮንዲሽኑ ከሚንጠባጠብበት። ስለዚህ ያን ክረምት በየማለዳው ልጆቼን አስከትዬ በየመሥሪያ ቤቱ ጀርባ ጣሳ እደቅን ነበር።

ልጆች በሥራ ይጠመዱ ከተባለ በእውነት ተጠመዱ። በጥቂት ቀን ውስጥ የከተማውን ባለሥልጣናት በጠብታቸው ደረጃ አወጡላቸው።

«ይሄኛው ትልቅ ሰው ነው፣ እስከ አራት ሰዓት ባልዲ ይሞላል።»

«ያኛው ምክትል ነው መሰለኝ። ጠብ ይላል፣ ያስባል፣ ደግሞ ጠብ ይላል።»

«የሊቀመንበሩስ?»

«የሱ ፋን ነው። ምንም የለውም።»

ሥልጣን ለሕዝብ ምን እንደሚጠቅም ከዚህ በተሻለ የገለጸልኝ የውይይት ክበብ አላጋጠመኝም።

ከልጆቹ አንዷ የእህቴ ልጅ ናት፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እህቴ በዚያ ሙቀት አራስ ላለመሆን ወደ ደሴ ወጥታ ነበር። ልጅቱ ደግሞ ትምህርት ሲዘጋ ተከትላት እንድትሄድና ሕፃኑ ሲወለድ ከአጠገቧ እንድትሆን ቃል ተገብቶላታል። የሚወስዳት ጎረቤታችን የሆነው የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ከአሰብ ለመውጣት ግን የቀበሌ ይለፍ ያስፈልጋል። ሊቀመንበሩ ማኅተሙን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎበት፣ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የሚመጣ እንግዳ ችግኞቹን ከነባለቤቶቻቸው ቆመው ሳያይ አንድም ልጅ ከከተማ አይወጣም አለ። እንግዳው በዚያ ሳምንት ይመጣል ተባለ። ከዚያ በሚቀጥለው። ከዚያ በቅርቡ።

ሾፌሩ ወደቡ ላይ ጭነት ይጠብቃል። «መርከቡ ከተራገፈ ጭኜ እወጣለሁ» አለኝ። «እኔ ለእንግዳ ብዬ ብቆም የመኪናው ባለቤት ሌላ ሾፌር ያስቀምጥበታል።»

ችግኙን እንደ ልጅቱ የተንከባከበ የለም። ወደ ጥላ ትወስደዋለች፣ ስትተኛ ራስጌዋ ታደርገዋለች፣ ነፋስ ሲነሳ በቀሚሷ ትሸፍነዋለች። እሱም ለዚህ ሁሉ ውለታ ደረቀ።

መርከቡ ተራግፎ መኪናው በጫነበት ቀን ሊቀመንበሩ የእንግዳውን አቀባበል ልምምድ ሊያይ መጣ። ልጆቹ ከየጣሳቸው ጀርባ ተሰለፉ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ የኔ ሞቷል» አለች።

«አልሞተም። ተኝቷል።»

«ይሰበራል እኮ። እየው።» ከጫፉ ቀንጠስ አደረገችው።

«ተይ! እንግዳው ሲጠይቅሽ ምንድን ነው የምትዪው?»

«ሞቷል እላለሁ።»

«ቆሞ የለም እንዴ!»

«ቆሞ ነዋ የሞተው።»

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ሊቀመንበሩ በክንዴ ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝ።

«ይህች ልጅ የአመለካከት ችግር አለባት።»

«ዘጠኝ ዓመቷ ነው ጓድ።»

«በዘጠኝ ዓመቷ እንዲህ ከሆነች ስታድግ አስበው! እንግዳው ፊት ብትናገርስ?»

ብዙ መናገር አልወድም፤ ያን ቀን ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ግማሽ ድረስ ተናገርኩ። «መኪናው ነገ ጠዋት ወደ ደሴ ይወጣል፤ እንግዳው ሲመጣ እዚህ ባትኖር...» አልኩት። ሊቀመንበሩ ቀሪውን ራሱ ጨረሰው። ስንት ቀን አይከፈትም የተባለው መሳቢያ ከምራቅ መዋጥ በፈጠነ ጊዜ ተከፈተ።

በማግስቱ ማለዳ አባቷ ነዳጅ ማጣሪያው ውስጥ ካደረበት ፈረቃ በቀጥታ፣ ቱታው ናፍታ ናፍታ እየሸተተ መጣ። ሾፌሩ ጋቢናው ላይ አነሳት።

«ነይ ሚጡ፣ መሀል ተቀመጪ። መስኮቱ የረዳቴ ነው፤ እሱ ካላየ ያስመልሰዋል።»

«ውሸቱን ነው!» አለ ረዳቱ።

«አጎቴ» አለችኝ ከላይ፣ «ደሴ እስክንደርስ ትወልዳለች እንዴ?»

አላውቅም አልኳት። አለማወቄ እውነት ስለነበረ ደስ አላላትም።

ችግኟ የሞተባት ልጅ ይለፍ አገኘች የሚለው ወሬ ቁርስ ሳይደርስ ሰፈሩን አዳረሰ። በነጋታው ጠዋት የቀበሌው በር ላይ ልጆች ጣሳ ጣሳቸውን ታቅፈው ተሰልፈው አገኘኋቸው። ሌሊቱን ባሕር ዛፍ ላይ ወረርሽኝ ገብቷል። አንዳንዱ ችግኝ ከነሥሩ ተነቅሎ ነው የሞተው።

«የኔም ሞቷል ጓድ» አለ አንድ ጥርሱ የወለቀ ልጅ።

«እናትህ የት ናት?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ቤት።»

«ታዲያ የት ልትሄድ ነው?»

«የትም። ብርድ ያለበት።»

ሊቀመንበሩ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የችግኝ መሞት የተከለከለ መሆኑን አስታወቀ። እኛም ውሃ መልቀማችንን ቀጠልን፤ እንግዳው በቅርቡ ስለሚመጣ።

ሾፌሩ ቀጣዩን ጭነት ሊወስድ ሲመለስ ወሬውን ይዞልኝ መጣ። ማጣሪያው በር ላይ ቆሜ አባትየው ከፈረቃ እስኪወጣ ጠበቅኩና ወንድ ልጅ ተወለደልህ አልኩት። መጀመሪያ የጠየቀኝ ግን ስለ ልጁ አይደለም።

«እሷስ ደርሳ ነበር?»

«በደረሰች በማግስቱ ነው የተወለደው። ከእናቷ አጠገብ ነበረች።»

በቱታው እጅጌ ፊቱን ጠረገ። ከዚያ ወደ ቀበሌው አቅጣጫ እያየ፣ «ሰውን በከንቱ እናማለን» አለ። «ሊቀመንበሩ እንግዳ ሳይጠብቅ ይለፍ የሰጣት እኮ ለእናትና ለልጅ አዝኖ ነው። ሆዱ ሩኅሩኅ ነው።»

«በጣም» አልኩት።