ኢብሮ ሳይቀዳት የቀረችው ሺህ

ሳሊሃን አንድ ተራ ቀን ስንት ያስወጣታል ብሎ የሚያሰላ ሰው ከብሩ ከጀመረ ይሳሳታል። የሱቅ ኪራይ፣ የልጇ የአሪጅ ታክሲ፣ ከአስኮ የሚመጣው ዕቃ ማጓጓዣ፣ ይህን ቡራዩ ላይ የሚነግድ ሁሉ ይከፍለዋል። የሷ ውድ ወጪ ሌላ ነው፤ ልመና ነው። «በስልክህ ደምርልኝ እስቲ ወንድሜ፣ ስንት መጣ?» ትላለች። የሚደምርላት ደምሮ ይነግራታል፤ እሷም ታምናለች። ሌላ ምን ታድርግ? ዓይኗ አያይም። ማታ ሱቋን ስትዘጋ የሚደክማት እግሯ ሳይሆን ቀኑን ሙሉ ሰው ስታምን የዋለው ልቧ ነው።

ሁልጊዜ ግን እንዲህ አልነበረም።

ባሏ ኢብሮ ሰበታ በአንድ ማሠልጠኛ ኮምፒውተር ያስተምር ነበር። የሳሊሃ ዓይን መደብዘዝ ጀምሮ ሐኪሞቹ «እየቀነሰ ነው የሚሄደው» ሲሏት እሷ አለቀሰች፤ እሱ ደግሞ ሌሎች የጣሉትን አሮጌ ኮምፒውተር ተሸክሞ መጣ።

«ዓይንሽ ቢሄድ አፌ ይቀርልሻል» አላት።

ከሥራ ሲመለስ የጎረቤት ውሻ ጩኸት እንዳይገባበት ብርድ ልብስ ተከናንቦ ቁጥር ይቀዳ ጀመር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሳሊሃ ከውጭ ሆና «አንተ ሰውዬ፣ ጂኒ ነው እንዴ የምታናግረው?» እያለች ትስቅበታለች። ሲጨርስ አንድ ፕሮግራም ወጣው። የዕቃውን ቁጥር ከዚያም ኪሎውን ስትመታ፣ ማሽኑ ዋጋውን በኢብሮ ድምፅ ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ይደምራል፤ መልሱን ያወጣል። ገዢውም ሻጯም እኩል ይሰማሉ። ጠዋት ሲከፈት «ሳሊሃ፣ ሱቃችን ተከፍቷል!» ይላል። ደንበኛዋ ኦቦ ጌዲ ዱላቸውን ደጃፉ ላይ አስደግፈው፣ ለማሽኑ «አካም ቡልቴ፣ ኢብሮ!» ብለው ሰላምታ ሳይሰጡ ስኳር ገዝተው አያውቁም።

አሪጅ ገና ጡት ሳትጥል ኢብሮ በድንገት ታመመና ሞተ። ማሽኑ ግን መናገሩን አላቆመም። ልጅቷ አባቷን የምታውቀው በቁጥር ነው። መቁጠር ያስተማራት እሱ ነው፤ እስከ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ። ሺህን ከትምህርት ቤት አመጣችው።

ምክንያቱም ማሽኑ ሺህ ላይ ይሰናከላል። ድሮ በዚያች ሱቅ ሺህ የሚሞላ ሒሳብ ማን ያወጣ ነበር? ኑሮ ሲወደድና አንድ ጀሪካን ዘይት ብቻውን ሺህ ሲያልፍ ግን ኢብሮ «አንድ...» ይልና ዝም ብሎ፣ ቀጥሎ «ሦስት መቶ ሃምሳ» ይላል። ጎረቤቷ ውብአየሁ ይህን ስትሰማ ሆዷን ይዛ ትስቃለች።

«ኢብሮዬ ነፍስህን ይማረው! ዛሬም በድሮው ዋጋ ነው የምትሸጥልኝ። ሳሊሃ፣ እሱ ያለውን ነው የምከፍል!»

«ክፈዪ! ዘይቱንም እሱ ይስጥሽ» ትላለች ሳሊሃ።

ትሳቅ እንጂ ያች ዝምታ ታብከነክናታለች። ማሽኑ አርጅቶ ቃሏን እየዋጣት ነው ብላ አመነች። አንድ ቀን ጎበዝ ማሽን ባገኝ ኢብሮ ሺህን ይልልኛል እያለች ኖረች።

ከዕለታት አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመለስ ማሽኑ ጧ አለና ሞተ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው ልመናው የመጣው።

ሳሊሃ ቁጭ ብላ አላለቀሰችም። ቅዳሜ ሱቋን ዘግታ፣ ማሽኑን በጆንያ ጠቅልላ፣ በአሪጅ እየተመራች በአዲሱ ገበያ በኩል እንጦጦን አልፋ ሱሉልታ ወረደች። እዚያ የኢብሮ ተማሪ የነበረው ቢኒ ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ይሸጣል። ስሙ የወጣው በማቅለል ነው፤ የደከመ ላፕቶፕ ተቀብሎ፣ ከውስጡ የማያስፈልገውን ሁሉ አራግፎ፣ እንደ ጥጃ የሚዘል ያደርገዋል።

የኢብሮ ፕሮግራም የተቀመጠበት ዲስክ ደህና ሆኖ ተገኘ። ቢኒ ፕሮግራሙን ካቀለላቸው ላፕቶፖች ወደ አንዱ ገለበጠው። ቁልፉን ሲመታ ግን ማሽኑ አሻፈረኝ አለ።

«አያውቀውም፣ እትዬ ሳሊሃ» አለ ቢኒ። «መምህር ይህን የሠራው ለድሮዎቹ፣ ሠላሳ ሁለት ቢት ለሚባሉት ማሽኖች ነው። ይሄ ስድሳ አራት ነው።»

«ታዲያ ለትልቁ ትንሹ ይከብደዋል?»

«ለማሽኑ አይከብደውም። ችግሩ ከርነሉ ጋ ነው። ከርነል ማለት ልክ እንደ ግቢ ዘበኛ ነው በይው። ፕሮግራም ድምፅ ላሰማ፣ ፋይል ልክፈት ሲል እሱን አስፈቅዶ ነው። የመምህር ፕሮግራም በድሮ ስልት ነው የሚያንኳኳው፤ ዘበኛው አይገባውም።» ከዚያ ሊያጽናናት ፈለገ። «አዲስ ልሥራልሽ። ኮምፒውተሩ ራሱ የሚያወጣው ድምፅ አለ፤ የሴት ነው፣ ጥርት ያለ።»

«በባሌ ሱቅ ሌላ ሴት አላስገባም!»

አሪጅ ፍርፍር አለች። ቢኒም ሳቀ። «እሺ፣ የመምህርን ድምፅ አውጥቼ በአዲስ ፕሮግራም ላይ ልጫን እንዳልል፣ ከፕሮግራሙ ጋር አንድ ላይ ቋጥሮታል፤ ፕሮግራሙን የጻፈበት ኮድም የለም» አለና ድንገት እጁን ከቁልፎቹ ላይ አነሳ። አንገቱን አከከ።

«እትዬ... ጥፋቱ የኔ ነው መሰለኝ። ከርነል እኮ ለድሮዎቹ የሚሆን የጎን በር አለው። እኔ ሳቀልል "ዛሬ ማን ይሄን ይጠቀማል" ብዬ እየደፈንኩት ነው የምሸጠው።»

«ድፍኑን መክፈት ይቻላል?»

«ከርነሉን እንደ አዲስ መሥራት ነው። ማሽኑ ብዙ ሰዓት ይፈጫል። መብራት ካልሄደ።»

መብራት ሄደ። ደጋግሞ ሄደ። ሳሊሃ በሳምንቱ ቅዳሜ ስትመለስ ቢኒ «ከፈትኩት!» ብሎ ተቀበላት። ፕሮግራሙ ተነሣ፤ አሪጅ ስክሪኑ ላይ የዕቃዎቹን ስም እያነበበች ዘለለች። ሳሊሃ ጆሮዋን አቅንታ ጠበቀች። ምንም። የስኳርን ቁጥር መታች። ምንም።

«ዝም አለኝ» አለች በቀስታ። «ሲያኮርፍ እንዲህ ነበር።»

ቢኒ ላብ በላብ ሆነ። ሲፈልግ ሲፈልግ ቆይቶ ሁለተኛው ድፍን ተገኘ። የዚያን ዘመን ፕሮግራሞች ድምፅ ማጉያውን የሚጠሩበት መንገድ የዛሬው አይደለም፤ አዲሱ ከርነል ያንንም መንገድ ይዞ ነበር፤ ቢኒ አራግፎታል። እንደገና መፈጨት ተጀመረ። እናትና ልጅ በሱሉልታ ብርድ በአንድ ነጠላ ተጠቅልለው፣ የማሽኑን ማራገቢያ እያዳመጡ ጠበቁ።

ከሰዓት በኋላ ላይ ድምፁ መጣ።

«ሳሊሃ፣ ሱቃችን ተከፍቷል!»

ሳሊሃ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። አሪጅ «አባዬ ጉንፋኑ ለቀቀው» አለች፤ እውነትም ከአሮጌው ማሽን ሻካራ ድምፅ ማጉያ የወጣው ኢብሮ የጠራ ነበር፤ በመሃል ምራቁን ሲውጥ እንኳ ይሰማል። ያ ሁሉ ዓመት አብሯት ሲኖር ያላስተዋለችው ትንፋሽ ነው። አሁን የዘይቱን ቁጥር መታች። ጎበዝ ማሽን አግኝታለች፤ ሺህን አሁን ይላታል።

«አንድ...» አለ ኢብሮ። ዝም። «ሦስት መቶ ሃምሳ።»

«አሁንም ዋጣት!»

ቢኒ ስክሪኑን እያየ ነበር። ሳሊሃ የአሮጌውን ማሽን ስክሪን ዓይኗ የጠፋ ሰሞን ሽጣዋለች፤ ለምን ይሆናታል? ስለዚህ ማሽኑ ሺህ ላይ በደረሰ ቁጥር ምን እየጻፈ እንደኖረ ያየ ሰው የለም።

«እትዬ፣ አልዋጣትም» አለ ቢኒ። «መምህር ጽፎልሻል። "ሺህን ገና አልቀዳኋትም። ቆይኝ ሳሊሃ፣ ስንከብር እቀዳታለሁ" ይላል። ቦታውን አዘጋጅቷል፤ ድምፁ ከተገኘ ከፕሮግራሙ ጎን ማስቀመጥ ብቻ ነው።»

ሳሊሃ ፊቷን ወደ ማሽኑ መለሰች። ከዚያ «ከብረናል፣ ኢብሮ» አለች። «ዘይቱ ሺህ ገባ።»

«እኔ ልቅዳልሽ?» አለ ቢኒ።

«በባሌ አፍ የሰው ጥርስ አልተክልም።»

«እኛን ሲቆጣ እኮ ከአፉ አትጠፋም ነበር። "ሺህ ጊዜ ነግሬያችኋለሁ!" ይለን ነበር። ቪዲዮ ቀድቼው ነበር፤ ስልኬን ታክሲ ሰልፍ ላይ ሰረቁኝ እንጂ።»

ይህቺ ወሬ ናት ሳሊሃን ለፍለጋ ያስነሣቻት። አሁን ቡራዩ ላይ ልመናው ቀርቷል፤ ማሽኑ ይደምራል፤ ኦቦ ጌዲም ሰላምታቸውን ቀጥለዋል። ኢብሮ «አንድ» ብሎ ዝም ሲል፣ ሳሊሃ በዚያች ዝምታ መሃል ራሷ «ሺህ» ትላለች፤ እሱ ይቀጥላል። ይህን ታሪክ ለሚያነብ ሁሉ ግን አንድ አደራ አላት፤

«ሰበታ ኢብሮ ያስተማራችሁ ልጆች፣ አሮጌ ስልካችሁን አትጣሉብኝ። አንድ ጊዜ ፈትሹልኝ። ክፍል ውስጥ ሲቆጣ የቀዳችሁት ካለ፣ ቁጣውም ቢሆን ግድ የለኝም። ቡራዩ ገበያ ደርሳችሁ "የምትናገረው ሱቅ የት ናት" በሉ፣ ያሳዩዋችኋል። ሌላው ሁሉ አለኝ፤ ሺህዋን ብቻ አምጡልኝ።»