ጎ አሄድ የምትለው ሴት

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ነጂማ እዚህ ቶሮንቶ፣ ስካርቦሮ ወዳለው ቤታችን ልትጠይቀን መጣች። ካገባች ገና ስምንት ወሯ ነው። የሠራሁትን ሳምቡሳ አንዴ ገምጣ ሳህኑ ላይ መለሰችና ወደ ኩሽና ተከትላኝ ገባች።

«አክስቴ፣ የባሌን ስልክ ቼክ ባደርገው ነውር ነው?» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ምን አይተሽ ነው ብላት ምንም አላየችም። ስልክ ሲያወራ ወደ በረንዳ ይወጣል፣ ሲስቅ ይሰማታል፣ ሲመለስ ደግሞ ፊቱ የበራ ይመስላታል። በቃ ይኸው ነው።

«አንቺ መቼም በጋሽ ጀማል ቀንተሽ አታውቂም» አለች፤ እየጠየቀችኝ ሳይሆን የታወቀ ነገር እንደምትናገር ሆና።

«ከየት መጥቶ!» አልኳትና ወደ ድስቱ ዞርኩ።

ውሸቴን ነበር። በዚህ ዕድሜዬ ሳስበው ከቅናት የበለጠ አቅሌን ያሳተኝ ነገር የለም። የቀናሁባትን ሴት ደግሞ አንድ ቀን እንኳ በዓይኔ አይቻት አላውቅም።

ቶሮንቶ የገባሁት በሃያ አራት ዓመቴ፣ በየካቲት ወር ነበር። ከጀማል ጋር የተጋባነው ኮምቦልቻ ነው። እሱ ከካናዳ መጥቶ ሦስት ሳምንት ቆየ፤ ኒካህ አሰርንና ተመለሰ። የስፖንሰር ወረቀቱ እስኪያልቅ ሁለት ዓመት ፈጀ። በነዚያ ሁለት ዓመታት የነበረን ትዳር ስልክ ብቻ ነበር። ከሥራ ሲወጣ ይደውልልኝና «እስቲ ትንሽ አውሪኝ» ይለኛል። እኔም አወራለታለሁ፤ ገበያ ማን ከማን እንደተጣላ፣ ዝናቡ የጎረቤታችንን አጥር እንዴት እንደጣለው፣ እናቱ ስለ ጉልበቷ ሕመም ምን እንዳለች። እሱ ዝም ይላል። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «አለህ?» ስለው፣ «አለሁ፣ እየሰማሁሽ ነው» ይለኛል። እንደዚያ አድርጎ የሚሰማኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረኝም። ያገባሁት ያንን ዝምታውን ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ያኔ ቤታችን ጄን ኤንድ ፊንች የሚባል ሰፈር፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ነበር። ማሞቂያው ቀኑን ሙሉ ያፏጫል፤ መንገድ ላይ የሚበትኑት ጨው የጫማዬን ጫፍ ነጭ አድርጎታል። ሳሎኑ ጥግ፣ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ፣ አንቴና ያለው አሮጌ ጥቁር ሣጥን ተቀምጧል። ስካነር ይባላል። ፖሊሶች፣ እሳት አደጋና አምቡላንስ እርስ በርስ የሚነጋገሩበትን ሬዲዮ ቤት ተቀምጦ የሚያሰማ ዕቃ ነው። ጀማል ከአንድ ሰው እጅ የገዛው ነው። እንዲሠራ ግን እያንዳንዱን የሬዲዮ ቁጥር በእጅ ማስገባት ያስፈልጋል። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር በአንድ እጁ ቁጥር የሞላበት ወረቀት ይዞ፣ በሌላው ሲጫን ይውላል። አንድ ቁጥር ከተሳሳተ ሣጥኑ ሽሽሽ ብቻ ይላል፤ እንደገና ሀ ብሎ ይጀምራል።

«ምን ያደርግልሃል?» አልኩት አንድ ቀን።

«እንዲሁ ነው፤ ደስ ይለኛል» አለኝ፤ ከወረቀቱ ቀና ሳይል።

እኔም አሰብኩ። ዕቃው ቀላል ቢሆን ጊዜው ይተርፈዋል፤ የተረፈው ጊዜ ደግሞ የኔ ይሆናል። ስለዚህ አዲስ እንግዛ ብዬ የወተወትኩት እኔ ራሴ ነኝ።

አንድ ቅዳሜ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በባቡር፣ ከዚያ ደግሞ በሌላ አውቶቡስ ስካርቦሮ ወዳለ ሱቅ ሄድን። ባቡር ጣቢያው ውስጥ ፓቲ የሚሉትን፣ እንደ ሳምቡሳ ሥጋ ያለበትን ነገር ገዛልኝ፤ በርበሬው ከሀገር ከወጣሁ ወዲህ የመጀመሪያው የሚያቃጥል ነገር ስለነበር ወደድኩት። ሱቁ ጠባብ ነው፤ ሻጩ መነጽሩን በገመድ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሽማግሌ። ሦስት ስካነር ደረደረልን። ጀማል እየተረጎመልኝ ሰማሁ። የመጀመሪያው እንደ አሮጌው ቁጥር በእጅ የሚገባበት ነው። ሁለተኛው ብዙ ይይዛል፤ ግን ከኮምፒዩተር ጋር ተያይዞ ነው የሚሞላው። ሦስተኛው የሚፈልገው ፖስታል ኮድ፣ ማለትም ደብዳቤ ላይ የሚጻፈውን የሰፈራችሁን መለያ ብቻ ነው፤ በአካባቢው ያለውን ራሱ መርጦ ይይዛል፤ ከዚያ ፖሊስ፣ እሳት፣ አምቡላንስ እያላችሁ ነው መጫን። ሽማግሌው አንድ ነገር ጨመረ፤ ቤት ተቀምጦ መስማት ይቻላል፣ የሰሙትን ግን አውጥቶ ማውራት ደግ አይደለም አለ።

ጀማል ሁለተኛውን አንስቶ ያገላብጥ ጀመር።

«ሦስተኛውን» አልኩት።

«ይሄኛው እኮ ብዙ ይይዛል።»

«ይያዝ። ያኛው አያደክምህም።»

ትንሽ አሰበና ሦስተኛውን ገዛ። እኔም ፌስታሉን ራሴ ተሸክሜ ተመለስኩ፤ ደስ ብሎኝ።

ቤት ገብተን ኮቴን እንኳ ሳላወልቅ ፖስታል ኮዳችንን አስገባ። ስድስት ፊደልና ቁጥር ነው። የሻይ ውሃ እስኪፈላ እንኳ አልቆየም፤ ሣጥኑ አፉን ከፈተ። የወጣው ደግሞ የሴት ድምፅ ነው።

ድምፁ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። ወፈር ያለ፣ ትንሽ ሻከር ያለ፣ የማይቸኩል ድምፅ ነው። ወንዶቹ ፖሊሶች ያለከልካሉ፣ ያቋርጣሉ፣ ከኋላቸው ሳይረን ይጮሃል። እሷ «ጎ አሄድ» ትላለች፣ ሁሉም ነገር ይረጋል። በየመኪናው ያሉትን ፖሊሶች ወደየአድራሻው የምትልክ ሠራተኛ ናት አለኝ ጀማል። ከዚያ ዝም አለ፤ አንገቱን ወደ ሣጥኑ ዘንበል አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፈነ።

ያንን ዝምታ አወቅኩት። የኔ ነበር።

ጀማል መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነበር የሚሠራው፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይመጣል። ይተጣጠባል፣ ይሰግዳል፣ ከዚያ ስካነሩ ጋ ይቀመጣል። ከናፍሩ ይንቀሳቀሳሉ፤ እሷ ያለችውን በሹክሹክታ ይደግማል። ከሀገር ያመጣሁትን ጭኮ በሳህን አቀርብለታለሁ፤ እጁን ሰዶ ያነሳል፣ ይበላል፣ ምን እንደበላ ግን የሚያውቅ አይመስለኝም። አንድ ቀን ፈገግ አለ።

«ምን አለች?» አልኩት።

«ምንም። ውሻ ጠፍቶ ነው።»

«ውሻ ጠፍቶ ያስቃል?»

«አነጋገሯ ነው» አለና ድምፁን ከፍ አደረገው።

አነጋገሯ! በማግስቱ እንግሊዝኛ የምማርበት ክፍል ውስጥ አስተማሪዋን «ጎ አሄድ» ማለት ምን ማለት ነው ብዬ ጠየቅኳት። «ቀጥል፣ እሰማሃለሁ እንደ ማለት ነው» አለችኝ። ያ ቃል ሌላ ትርጉም ቢኖረው ይሻለኝ ነበር። እሰማሃለሁ! ባሌን በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እሰማሃለሁ የምትል ሴት ቤቴ ተቀምጣለች፤ መርጬ ያመጣኋት ደግሞ እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ የሠራሁትን ስናገር ዛሬም ያሳፍረኛል። እሱ ሥራ ሲሄድ መስተዋት ፊት ቆሜ ድምፄን አወፍር ነበር። «ጎ አሄድ» እላለሁ፤ እንደ ጉንፋን የያዘው ሰው ይሆንብኛል። ፀጉሯን አስባለሁ፤ ቡናማ አደረግሁላት። ጥፍር ቀለም ቀባኋት። የማትመጣባቸው ቀናት ነበሩ፤ ፈረቃዋ አይደለም መሰለኝ ሌላ ሰው ነው የሚያወራው። በነዚያ ቀናት ጀማል ቶሎ ይዘጋዋል። እኔም እቆጥርበታለሁ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ኦታዋ ያለችው ጓደኛዬ ሰዓዳ የላከችልኝን የዒድ ካርድ አገኘሁ። ፖስታው ላይ የሷ ፖስታል ኮድ አለ። ጀማል የኛን ሲያስገባ አይቼዋለሁ፤ ቀላል የሆነውን የመረጥኩት እኔ ነኝና ለኔም ቀላል ሆነ። የሰዓዳን አስገባሁ። ሣጥኑ የኦታዋን ሬዲዮ ይፈልግ ጀመር፤ ኦታዋ ደግሞ እኛ ጋ የሚደርስ አይደለም። ዝም አለ። ያን ቀን ቤቱን በደስታ ጠረግሁ።

ጀማል መጥቶ ከፈተው፤ ምንም የለም። አጠፋው፣ መልሶ አበራው። አንቴናውን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ተበላሸ እንዴ?» አለ፤ ለራሱ ነው የሚያወራው።

«ምናልባት በበረዶው ይሆናል» አልኩት።

አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። የፈለግሁት ይኼንኑ ነበር። ግን ጣቶቹ ሶፋው ላይ ይመታሉ፤ አሁንም አሁንም ወደ ጥግ ያያል። ስለ ሰዓዳ አወራሁለት፣ «እህ» አለኝ። ረቡዕም እንዲሁ ሆነ። ሣጥኑን ዝም ባሰኘሁት ጊዜ ሴትየዋ ከበፊቱ የባሰ ቤታችን ውስጥ ገባች። ለካ ይሄን ያህል ናፍቃዋለች አልኩ በሆዴ።

ሐሙስ ጠዋት ጀማል የሠርጋችንን ሱፍ ለበሰ። ከረባቱን ሁለት ጊዜ አስሮ ፈታው።

«የት ነው?» አልኩት።

«ጉዳይ አለኝ። ስመለስ እነግርሻለሁ።»

መስኮቱ ጋ ቆሜ ከአሥራ አንደኛ ፎቅ አየሁት። አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ትንሽ ጥቁር ነገር ሆኖ ቆሟል፤ ጫማውን ከቅልጥ በረዶው እያነሳ በመሐረብ ይጠርጋል። ድምፅዋ ቢጠፋበት ሊፈልጋት ሄደ፤ ያሰብኩት ይኼንን ነው። ወላሂ፣ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል ብዬ አንዴም አላሰብኩም። ሻንጣዬን አውጥቼ አልጋ ላይ ከፈትኩት። ምን እንደምከትበት ሳላውቅ ቁጭ አልኩ።

ስምንት ሰዓት ላይ ተመለሰ። ከነሱፉ ሶፋው ላይ ተቀመጠና ወለሉን ያይ ጀመር።

«ወደቅሁ» አለ።

«የት ወደቅህ?»

«ቴስቱን።»

ያኔ ነው የነገረኝ። አረጋውያንንና አካል ጉዳተኞችን የሚያጓጉዝ አንድ ድርጅት አለ። ሾፌሮቹን በሬዲዮ ወደየአድራሻው የሚልክ ሰው ይቀጥራል። ጀማል አምና አፕላይ አድርጎ የማዳመጥ ፈተናው ጣለው። የደንበኞች ስልክ ተቀድቶ በፍጥነት ይለቀቅልሃል፤ አንተ መንገዱንና ቁጥሩን ትጽፋለህ። ስካነሩን የገዛው ጆሮውን ሊያለማምድበት ነው።

«ዛሬ ሦስት አድራሻ ያዝኩ። አራተኛው ላይ እጄ ቆመ» አለ። «እስከ ሰኞ ድረስ እኮ ጥሩ ነበርኩ። ከዛ ዕቃው ዝም ሲል እኔም ልቤ ከዳኝ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ በስልክ እንግሊዝኛዬ እንደ ውሃ ነው ስልሽ ኖሬ፣ ከዚያ በኋላ ምን ብዬ ልንገርሽ?»

ዝም ብል ይቀር ነበር። ግን አልቻልኩም።

«ዕቃው አልተበላሸም። እኔ ነኝ የቀየርኩት።»

«ምኑን?»

«ፖስታል ኮዱን። ቀንቼ ነው።»

«በማን?»

በጣቴ ሣጥኑን አሳየሁት። ሣጥኑን አየው፣ እኔን አየኝ። ይስቃል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም።

«እኔ መንገዶቹን ነበር የምሰማው» አለ ቀስ ብሎ። ተነሣና ገመዱን ነቀለ፤ ስካነሩን ወስዶ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ፣ ከብርድ ልብሱ ጀርባ ከተተው። መኝታ ቤት ሲገባ ክፍቱን ሻንጣ አየ። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን ያህል ጨው አቀብዪኝና በሩን ዝጊው ከማለት ሌላ አላናገረኝም።

እውነቱን ልናገርና፣ በዚያ ዘጠኝ ቀን ውስጥም መቅናቴን አልተውኩም። ፀፀቱ አንድ ጎን ሆኖ፣ ሌላው ጎኔ አሁንም እሷን እያሰበ ይሆን ይላል። በመጨረሻ አንድ ቀን ከትምህርት ስመለስ ወንበር ላይ ወጥቼ ስካነሩን አወረድኩት። የኛን ፖስታል ኮድ መለስኩና እርሳስና ወረቀት ይዤ ፊቷ ተቀመጥኩ። ምን እንደምትል ራሴ ልስማት።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ሰምቼ የያዝኩት አንድ የመንገድ ስም ነው፤ እሱንም አጣምሜ። በሦስተኛው ቀን ግን አንዳንድ ነገር ይገባኝ ጀመር። አንድ ሽማግሌ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወድቀው በር የሚከፍትላቸው የለም። ሊፍት ውስጥ የቀሩ ሰዎች አሉ። አንዲት እናት ቁልፍ መኪና ውስጥ ረስታለች፣ ሕፃኑም ውስጥ ነው። እሷ ለሁሉም በዚያው ድምፅ ነው የምትናገረው። ለሁሉም ጎ አሄድ ትላለች። ክፉ እንድትሆንልኝ እፈልግ ስለነበር ይኼ አናደደኝ፤ የሕፃኑ መኪና ተከፈተ ሲባል ግን «አልሐምዱሊላህ» ስል ራሴን ሰማሁት።

ጀማል ሲመጣ ወረቀቱን ሰጠሁት። ሃያ የሚሆን የመንገድ ስም በኔ ጎባጣ ጽሕፈት ሞልቶበታል።

«እኔ አነባለሁ፣ አንተ ትጽፋለህ» አልኩት።

ኮቱን ሳያወልቅ ረጅም ጊዜ አየው። «ግራንድራቪን እንደዚህ አይጻፍም» አለ።

«እንግዲያው አርመው።»

አረመውና ተቀመጠ። እኔ በኮምቦልቻ እንግሊዝኛዬ፣ በቻልኩት ፍጥነት፣ ቁጥሩንና መንገዱን እያደባለቅሁ አነበብኩለት። ሰባተኛው ላይ እርሳሱን ጣለ።

«አንቺማ ከቴስቱም ትብሻለሽ» አለና ሳቀ። ከመጣሁ ወዲህ በኔ ምክንያት ሲስቅ የሰማሁት የመጀመሪያው ነበር።

ከዚያ ወዲያ እስከ መኸር ድረስ፣ ከራት በፊት ሥራችን ይኸው ሆነ። ግማሽ ሰዓት ከሷ፣ ግማሽ ሰዓት ከኔ። ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ለሦስተኛ ጊዜ ተፈተነና አለፈ።

ዛሬ እዚያው ድርጅት ውስጥ የቆየ ሠራተኛ ነው። የፖሊሱ ሬዲዮ የውጭ ሰው እንዳይሰማው በምስጢር ኮድ ከተቆለፈ ቆይቷል፤ ከቤት ሆኖ እነሱን መስማት የሚቻል አይደለም። ሴትየዋም ጡረታ ወጥታ ይሆናል። ቅናቴ ግን ጡረታ አልወጣም። ቢሮ ስደውልለት ከኋላው የሴት ሳቅ ከሰማሁ፣ ማን ናት ሳልል አልዘጋም። ልዩነቱ፣ አሁን እጠይቃለሁ። ያኔ በአንድ ጥያቄ የሚያልቀውን ነገር በእጄ ነካክቼ የሰው እንጀራ ልዘጋ ነበር። ቅናት ፊት እንኳ አያስፈልገውም፤ ድምፅ ከሰጡት ፀጉሩንም ጥፍሩንም ራሱ ይሠራዋል።

እሑድ ዕለት ነጂማ ከሄደች በኋላ ጀማል «ምን ሆና ነው ልጅቷ?» አለኝ።

«ቅናት ይዟታል።»

«አንቺስ ምን አልሻት?»

«እኔ ቀንቼ አላውቅም አልኳት።»

መነጽሩን አወለቀና አየኝ። ስልኩን አነሳ፣ ቁጥሯን መታ።

«ነጂማ፣ ደህና ገባሽ? አክስትሽ የረሳችው ነገር አለ፤ ትንገርሽ» አለና ስልኩን እጄ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ በሩን ዘግቶልኝ ወጣ።