የጋሽ ተስፋዬ ባረል

መጀመሪያ ቀን ዋይትሆል ከተማ ያለው ሽጉጥ መጠገኛ ቤት ስገባ፣ አለቃዬ ዴል ስሜን እንኳ በቅጡ ሳይዝ ጠረጴዛ አስጠረገኝ። የተደረደሩትን የጥይት ሳጥኖች ሁሉ አስነስቶ አንዱን ብቻ መለሰው። «እዚህ ላይ አንድ ዓይነት ጥይት ብቻ ነው የሚቀመጠው። ሌላ ዓይነት ሲመጣ የፊተኛው ከነካዝናው፣ ከነባረሉ መሳቢያ ይገባል» አለኝ። በሆዴ «ሰውዬው የቀጠረኝ ጠረጴዛ ለማስወልወል ነው እንዴ?» አልኩ።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። የውድድር ሽጉጥ ባረሉ፣ ማለትም ጥይቱ የሚወጣበት ቱቦ፣ ይቀየራል። ፎርቲ የሚባለውን ወፍራም ጥይት የሚተኩስ ሽጉጥ የናይን ሚሊ ባረልና የጥይት መያዣ ካዝና ከገባለት ቀጭኑን ናይን ይተኩሳል። ሁለቱ ባረሎች ግን ከውጭ ሲያዩዋቸው መንታ ናቸው። ቀጭኑ ጥይት ወፍራሙ ባረል ውስጥ ከገባ ቀለሁ ይሰነጠቃል፤ ሰውም ሊጎዳ ይችላል። ለዚህ ነው ጠረጴዛው የሚጠረገው።

አዲስ አበባ ሳለሁ መለዋወጫ ከሚሠራ ጋራዥ ቶርኖ፣ የብረት መቅረጫው ማሽን፣ ላይ ነበርኩ። ዲቪ ደርሶኝ ወደዚህ አገር ስመጣ ሪከንባከር ሰፈር ካለ የዕቃ ማከማቻ ዌርሃውስ ውስጥ ካርቶን ስጭን ከረምኩ። ሞረድ መልሼ የያዝኩ ቀን ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። የቸርቼ እህቶች ግን «ከሽጉጥ ጋር? ምነው በላይነሽ! በጸሎት እናስብሽ» አሉ። «አስቡኝ፤ በተለይ ጣቶቼን» አልኳቸው።

ሄልፐር ሆኜ ጀመርኩ፣ ኋላ ፊተር ተባልኩ። የፊተር ሥራ አዲስ ባረልን ከስላይድ ጋር ማጋባት ነው። ስላይድ ከላይ ሆኖ ወደ ኋላ የሚሳበው ብረት ነው። ባረሉን ጥቁር ቀለም ትቀቢዋለሽ፣ ታስገቢዋለሽ፣ ታወጪዋለሽ። ቀለሙ የተፋቀበት ቦታ ስላይዱን የሚነካው ነው። እሱን ብቻ በሞረድ ቀስ ብለሽ ትፍቂዋለሽ። ካበዛሽው ባረሉ ይላላል፤ የላላ ባረል ደግሞ ዒላማ አይዝም።

ጋሽ ተስፋዬ ብቸኛው ሐበሻ ደንበኛችን ነበሩ። ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ ክሊንተንቪል ሰፈር ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከልጆቻቸው ጋር የሚገናኙት በስልክ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን የተኩስ ክለባቸው ይሄዳሉ፤ እዚያ የሚጠብቃቸው ሰው አለ። ሳምንቱን የሚገፉት በዚያች ቀን ነበር።

አንድ ቀን መጡና «በላይነሽ፣ ናይን ባረል ግጠሚልኝ» አሉ።

«ምነው ጋሼ፣ ፎርቲው አይደል እንዴ ኩራትዎ?»

«ኧረ ጥይቱ እንደ ልብ አይገኝም። ሲገኝ ፎርቲ፣ ሲጠፋ ናይን፤ እያቀያየርኩ ልተኩስ።»

ገጠምኩላቸው። ወደ ፎርቲው ይመለሳሉ ብዬ ስላይዱን ወደ ቦታው የሚመልሰውን ጠንካራ ሞላ አልነካሁትም። ከሱቁ ጀርባ ባለው መተኮሻ ሞከሩት። የናይን ግፊት ደከም ያለ ነው፤ ሞላው አሸነፈውና ስላይዱ እስከ ጥጉ ሳይሄድ ተመለሰ። ባዶው ቀለህ ተቀረቀረ። እንዲህ ሲሆን ስላይዱን በእጅ ስቦ ማስወጣት ነው።

ጋሽ ተስፋዬ ሳቡ። እምቢ አለ። ደግመው ሳቡ። ላብ በግንባራቸው ወረደ። የአውራ ጣታቸው መገጣጠሚያ አብጦ አየሁት። «ዘይት አንሶታል» አሉና ፊታቸውን ከእኔ አዞሩ። ሽጉጡን ተቀብዬ ቀለሁን አወጣሁ። እጃቸውን ጃኬታቸው ውስጥ ከትተው «በቃ፣ ይቅር መሰለኝ» አሉኝና ሽጉጡን ትተው ሄዱ። አንጀቴን በሉት።

ዴል ቆሞ ያይ ነበር። «ሽማግሌው እጁ አልቋል። ስፖርቱ በቃህ በዪው፤ በቋንቋችሁ ሲሆን ይሻላል» አለኝ።

«እስቲ አንተ ንገረው!» ብዬ ጮህኩበት። ጮህኩ እንጂ እሱም እውነቱን ነው። ግን አባቴ ለሚሆኑ ሰው ያንን የሚናገር አፍ የለኝም። እሳቸውም አይነግሩኝም። የእኛ ሰው ሕመሙን ከሐኪም ይደብቃል፣ ከሽጉጥ ጠጋኝማ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኔ ሳይነግሩኝ መድኃኒቱን ልፈልግ ተነሳሁ።

ጠንካራውን ሞላ አውጥቼ ለናይን የሚሆን ለስላሳ አስገባሁ። በሁለት ጣት ሳብኩት፤ መጣ። በስልክ ኮል አደረግኩላቸው። «ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ናይን ባረል በፎርቲ ሞላ አይሠራም። ሳልቀይረው ሰጠሁዎ።»

«አዬ አንቺ! እኔ እኮ ዘይቱ ነው ብዬ ነበር» አሉ። ድምፃቸው ቀለል ብሎ ነበር።

መጡና ስላይዱን ሳቡት። ሄደላቸው። እንደገና ሳቡት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አሁን የቀረኝን መናገር ነበረብኝ።

«ጋሼ፣ በዚህ ሞላ ፎርቲ አይተኮስም። ሽጉጡን ይሰብረዋል፤ ፎርቲው ያንኑ ጠንካራ ሞላ ይፈልጋል። አንዱን መምረጥ ነው።»

ልመልስላቸው ያወጣሁትን ፎርቲ ባረል ከጠረጴዛው አንስተው ወደ መስኮቱ አዙረው ውስጡን አዩት። ንጹሕ ነበር፤ በየሳምንቱ ይወለውሉታል።

«እጄን አይተሽዋል አይደል?»

«የቱን እጅ?»

«ተዪ እንግዲህ!» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ሳያልቅ ጠረጴዛዬን ዞር ዞር ብለው አዩ። «የዚህ ቤት ሕግ አንድ ዓይነት ብቻ ነው አላልሽኝም?» አሉና መሳቢያውን ራሳቸው ከፍተው ባረሉን አስገቡት። ቀስ ብለው ዘጉት።

ዛሬም ቅዳሜ አይቀሩም። በክለቡ ውድድር አብዛኛውን ጊዜ ውራ ይወጣሉ፤ «ውራም ተራ ነው» ይላሉ። ባረሉን ይውሰዱ ብያቸው አላውቅም፣ እሳቸውም ጠይቀውኝ አያውቁም። ዝገት እንዳይነካው ዘይት እቀባዋለሁ።

ለአዲስ ፊተር የምነግረው አንድ ነገር ነው። ባረል ሊያስቀይር የመጣ ሰው ሲያጋጥምህ መለኪያህን አታንሳ። መጀመሪያ ባዶውን ሽጉጥ ስጠውና ስላይዱን ራሱ ይሳበው። እጁን እይ። ሞላውን ከዚያ በኋላ ምረጥ።