ፍየላችን የበላችው የገዢው ችግኝ

እናቴ መናፈሻ አትወድም። «ለመቀመጥ ብዬ ከቤት ልውጣ? ወንበር የለኝም?» ትላለች። አምና አንድ ቅዳሜ ጠዋት «ከዚራ ያለውን የገዢውን መናፈሻ አሳየኝ» ስትለኝ አሟት ይሆን ብዬ ደነገጥኩ። ለካ ጎረቤታችን ነግራት ኖሯል። ድሮ ድሬን ያስተዳድር ለነበረ ገዢ ሐውልት ቆሞለታል፤ ያስተከላቸው ዛፎችም ታጥረው መናፈሻ ሆነዋል።

ከሰፈራችን ከሳቢያን ባጃጅ ይዘን ወረድን። አርባ ዓመት አልፎኝ የማላውቀውን ታሪክ የሰማሁት እዚያ ባጃጅ ውስጥ ነው።

ገዢው ዛፎቹን ሲያስተክል እናቴ አስር ዓመት ቢሆናት ነው። የቤቱን ፍየሎች የምትጠብቀው እሷ ነበረች። አንድ ቀን ከጓደኛዋ ጋር ቅልብልቦሽ ስትጫወት አንዷ ፍየል አዲሱን የኒም ችግኝ እስከ ግንዱ ግጣ ጨረሰችው። ዘበኛው ፍየሏን በአንድ እጁ፣ እናቴን በሌላው እጁ ይዞ ገዢው ፊት አቆማቸው።

«ገዢ ሲባል ግመል የሚያክል ሰው ይመስለኝ ነበር» አለችኝ፣ የባጃጁን ብረት ጨብጣ። «አጭር ሰውዬ ነው፤ ላቡን በመሐረብ ይጠርጋል። ለካ እሱንም ይሞቀዋል!»

«ምን አለሽ?»

«ፍየሏ የማን ናት አለኝ። የአባቴ አልኩት። ሌላ ችግኝ ይተከላል፣ የምታጠጪው ግን አንቺ ነሽ አለኝ።»

አጠጣች። የዘይት ቆርቆሮ እየተሸከመች ሁለት በጋ ሙሉ ጠዋት ጠዋት አጠጣች። ገዢው በዚያ ሲያልፍ «ዛፍሽ እንዴት አደረ?» ይላታል፤ እሷም «ደህና አደረ፤ አንተስ?» ትለዋለች። ድሬ ውስጥ አንቱታ ማን ያውቃል? አንድ ሰሞን ማለፉን አቆመ። ተዛውሮ መሄዱን የሰማችው ከርማ ነው።

መናፈሻው ትንሽ ነው፤ ከበሩ ቆሞ ጥግ ድረስ ይታያል። እናቴ ሐውልቱን ሁለት ጊዜ ዞረችው።

«ይሄ ማነው?»

«ገዢው ነዋ» አልኳት።

«ወላሂ አይደለም!»

ጥበቃው ሰምቶ ቀረበ። አገሩ ወዲያ ደጋ ነው፤ ሁርሶ ሰልጥኖ፣ ወታደርነቱን ጨርሶ እዚሁ የቀረ ጎልማሳ። «እናቴ፣ ስሙ ተጽፎ የለም እንዴ?»

«ወርያ፣ ስሙን መቼ አልኩህ? ፊቱን ነው! እሱ እንዲህ ተኮሳትሮ አያውቅም፤ ሳቂታ ነበር።»

«ሐውልት ሲስቅ አይተው ያውቃሉ?» አላት። እሷም ሳቀች፣ እኛም ሳቅን።

ከዚያ ዛፏን ፍለጋ ገባች። አምስት ኒሞች በአንድ መስመር ቆመዋል፤ ሁሉም ወፋፍራም፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። ግንዳቸውን አንድ በአንድ ዳበሰች። «ይሄ ነው... አይ፣ ያኛው ነው።» ምልክቷ የነበረው የውኃ ቧንቧ ተነቅሎ ቦታው ጠፍቶባታል። በመጨረሻ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

«በእጄ ያሳደግኩትን አላወቅኩትም» አለች።

ጥበቃው ሄደና የውኃ ጎማውን እየጎተተ መጣ።

«እናቴ፣ አምስቱም ጠምቷቸዋል። አምስቱንም ያጠጧቸው፤ አንዱ የእርስዎ መሆኑ አይቀርም።»

እናቴ ጎማውን ተቀበለችው። ጫማዋም የቀሚሷ ጠርዝም እስኪርስ አጠጣች። መሀል ላይ ጥበቃውን ትቆጣዋለች፦ «ስታጠጣ ግንዱ ሥር አታፍስ፤ ሥሩ የሚጠጣው ከወዲህ ነው! ማነው ያስተማረህ?» እሱም እየሳቀ በአካፋ ቦይ ይቀድላታል። ስለ ገዢው ጠየቃት፤ ስለ ፍየሏ፣ ስለ መሐረቡ፣ ስለ ጠዋቱ ሰላምታ ሁሉንም ነገረችው።

«በየቀኑ ይሄን በር እከፍታለሁ» አላት ሲሸኘን። «ምን ዓይነት ሰው እንደነበር የነገረኝ ግን እስከ ዛሬ አልነበረም።»

ቤት ስንገባ ምሳ ሰዓት አልፏል። እናቴ እርጥብ ቀሚሷን እንኳን ሳትቀይር ሐረር ያለችው እህቷ ጋ ደወለች። በኦሮምኛ ጀምራ በአማርኛ እየቀጠለች፣ መሀል ላይ እየሳቀች፣ ከባጃጁ ጀምሮ አንድም ሳታስቀር ተረከችላት። እኔም ምሳዬን ይዤ፣ በሩ ሥር ቁጭ ብዬ እንደገና ሰማሁት።