መዘርጋት እንዳይረሳ

ሽማግሌው ቴክኒሺያን የትንሿን ሳተላይት አንቴና የሚሸከመውን ክንድ ከጥቅሉ ፈቱት። እንደ ወረቀት የሳሳው የካርቦን ክንድ ጠረጴዛው ላይ ቀጥ ብሎ ተዘረጋ። የማምጠቂያው ቀን ስለተራዘመ በየሳምንቱ እንዲህ ያፍታቱታል።

«ጋሼ፣ ሳይነካ ቢቀመጥስ?» አለቻቸው አዲሷ መሐንዲስ።

«ተጠቅልሎ ከከረመ መዘርጋት ይረሳል፣ ልጄ።»

ክርኑ ያለቀውን ሹራባቸውን ሰብስበው፣ ክንዱን በመዳፋቸው እያባበሉ መልሰው ጠቀለሉና አሰሩት። ከዚያም እንደ ልማዳቸው ወደ መስኮቱ ዞር ብለው፣ ቤት ላለችው ልጃቸው ደወሉ።

«የእናትሽን እጅ ዛሬ አፍታታሽላት?»

አዳመጡ።

«ትናንት እኮ ትንሿ ጣቷ እሺ ብላ ተዘርግታ ነበር።»

አሁንም ብዙ አዳመጡ።

«በቃ፣ አታስገድጃት። ስመጣ እኔ እሞክራለሁ።»

ስልኩን ዘጉ። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ተመልሰው፣ ገና አሁን ያሰሩትን ክንድ እንደገና ፈቱት።